ሻርጃ ላይ ያስነሳነው ሞተር

ከፍኖተ ሰላም የምወጣ ለት ማታ ዝናቡ ክፉኛ ይጥል ነበር። እናቴ ልትሸኘኝ ከጅጋ መጥታለች። ቴክኒክ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ተምሬ፣ ባጃጅና ሚኒባስ ስጠግን ቆይቼ፣ የሰው ቤት ልጠርግ ዓረብ አገር መሄዴ አልዋጥላት ብሏል። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሻርጃ ማለት፣ ከአውሮፕላን ስትወርዱ አንድ ሰው የጋለ የመኪና ኮፈን ፊታችሁ ላይ የከፈተባችሁ ነው የሚመስለው። የሰኔን ጭቃ ስራገም የኖርኩት ሴት ጭቃ ናፈቀኝ። ድንቹ እንኳ የአገሬን፣ የቆጋን ድንች አይሆንም፤ ውሃ ውሃ ይላል። ሰላምታውም አንዲት ቃል ናት፤ የእኛ ሰው ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን ሳይጠይቅ መች ያልፋል!

ኮንትራቴ ሲያልቅ አሠሪዬ መልቀቂያ ሰጠችኝና ጋራዥ ገባሁ። ክፍል የተጋራሁት ከቡሬዋ ጥሩወርቅ ጋር ነው። እሷ ምሳ ሠርታ ለአገር ልጆች በየሥራ ቦታቸው ታደርሳለች፤ መንጃ ፈቃድም አላት፤ ግን ያገኘችውን ታክሲ ይበላዋል። አንድ ቀን ራት ላይ፣ ነዳጅ የማይፈጅ መኪና ልሥራልሽ አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አስቤ ጨርሼ ነበር።

እዚህ አገር፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው ሃይብሪድ መኪና ሞተሩ ሲቃጠል ባለቤቱ በብረት ዋጋ ይሸጠዋል። እንዲህ ያለውን አገኘሁና ሞተሩን ፈትቼ አየሁት። ዋናው አካል፣ ብሎኩ፣ ደህና ነው፤ ፒስተኖቹም ቢጸዱ ይሠራሉ። የላይኛው ክዳን፣ ቴስታታው፣ ግን በሙቀት ተጣሟል። ስለዚህ ቴስታታው ማሽን ቤት ገብቶ ይስተካከላል፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ጋስኬትና የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አዲስ ይሆናሉ፤ እነሱ ላይ ቁጠባ የለም። ባትሪውን ግን በሙሉ አንለውጥም፤ የሞቱትን ሴሎች ለይቼ ከአሮጌ ባትሪ በሚገኙ ደህና ሴሎች እተካለሁ። ጥሩወርቅ ይህን ሁሉ ሰምታ ለእናቷ ቤት ማሠሪያ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ለመኪናዋ መግዣ አወጣች። ያኔ ደነገጥኩ።

ጋራዡ ቦታ ስላልነበረው ሞተሩን ክፍላችን አስገባነው። አከራያችን በሩ ላይ ቆሞ አየውና ውሉ ለሁለት ሰው ነው አለ።

«ይኼ እኮ ሰው አይደለም» አልኩት።

«አልጋ የሚያህል ቦታ ይዟል፤ ይከፍላል።»

ውሃ አይጠጣ፣ መብራት አያበራ፣ ለምኑ ይከፍላል አልኩ። አሰበበት። «እሺ፣ ግማሽ ሰው ነው» ብሎ ሄደ። የግማሽ ሰው ኪራይ ከፈልን።

ሞተሩን ጋራዡ ደጅ መኪናዋ ላይ መልሰን ገጥመን መጀመሪያ ስናስነሳው ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሥራዬን አውቀዋለሁ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ስፈትሽ እሳት የሚሰጡት የሁለት ኮይሎች ሶኬት ተቀያይሮ አገኘሁት። ደግሜ ሳስነሳው ድምፁ ተስተካከለ። ጥሩወርቅ ዘይት በነካው ልብሴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

የተሽከርካሪ ምርመራው ሰውዬ ሞተሩን ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። እኔ አልኩት። ከኋላዬ ወንድ ፈለገ፤ ጥሩወርቅን ብቻ አየ። መኪናዋ ግን አለፈች።

ባለፈው አርብ ምሳ እያደረስን ሳለ የጅጋ ስልክ ገባልኝና እናቴን አገኘኋት። ሞተሩን እንድትሰማው ስልኩን ወደ ፊት ዘረጋሁላት። ምንም አይሰማም አለች። የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ስለነበር ሞተሩ ራሱን አጥፍቷል፤ ሲቆም እንዲህ እንደሚያደርግ አስረዳኋት። እስከ እኛ ድረስ ይመጣል ወይ አለችኝ። ጥሩወርቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ሞተሩስ ይችላል፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ምን ያዘሽ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጥሩምባ ነፉብን፤ ጥሩወርቅም መኪናዋን ነዳች።