ጎልፉ ይቅደም ወይስ ሐይቆቹ?

ዛሬ ደሴ ላይ ሐኪሙ የባለቤቴን ዓይኖች አይቶ ሲጨርስ፣ «የግራው ብርሃኑ ጠፍቷል፤ የቀኙም ብዙ አይቆይም» አለን።

ባለቤቴ ወልድያ ውስጥ መካኒክ ነው። የጎልፍ ጨዋታ የለመደው ድሮ አዲስ አበባ ሲሠራ ነው። (ጎረቤቶቻችን «ጎልፍ» ሲል ጎልፍ ስለምትባለው መኪና የሚያወራ ይመስላቸዋል።)

ለፋሲካ አብረን ልንሄድ አቅደን ነበር፤ እሱ አዲስ አበባ ጎልፍ ሊጫወት፣ እኔ የቢሾፍቱን ሐይቆች ልጎበኝ። የቱ ይቅደም በሚለው ስንጨቃጨቅ ከረምን። «ሣር ላይ ኳስ ለመምታት ይሄ ሁሉ መንገድ!» እያልኩ ስቄበታለሁ። ዛሬ ያ ሳቄ አንገበገበኝ።

ወደ ወልድያ የሚመልሰን ሚኒባስ ውርጌሳን አለፈ።

«ፋሲካን አንጠብቅ» አልኩት። «ሰኞ እንሂድ። ጎልፉ ይቅደም።»

«አይ፣ ሐይቆቹ ይቅደሙ» አለኝ። «አንቺ እነሱን ስታዪ እኔ ፊትሽን ልየው። ኳሷ የት እንደወደቀች በኋላም ቢሆን ትነግሪኛለሽ።»

መርሳ እስክንደርስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። እሱ እጄን ይዞ በመስኮት ያያል።

ሰኞ እንሄዳለን።

እናንተስ፣ ገና ጊዜ አለን እያላችሁ ስታቆዩት ያመለጣችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። እሱ ዛሬም ማንበብ ይችላል።