በግራዋ ያጠብኩት እንጨት

በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን ነገር ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንት ጊዜ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይችን ዘልያታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። የምትፈርዱብኝ በሌላው ነው።

ባለቤቴ ጥሩነሽ በዚያ ዓመት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አንደበቷም ተያዘ። አልጋ ላይ ካጋደምናት አንገቷን እንኳ ያለ ሰው አታዞርም። ልጃችን ሂሩት ደመወዟን አጠራቅማ ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ ሱቅ የመስታወት ገንዳና አምስት ቀያይ ዓሣ ገዝታ መጣች፤ ከእናቷ አልጋ ትይዩ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩነሽ ሌላ ሰው ሆነች። ዓሣዎቹ ወዲህ ወዲያ ሲሉ በደህናው እጇ አንድ ጣት ታነሣና ትከተላቸዋለች። አንዱ ወደ መስታወቱ ጠጋ ሲልላት «እህ» ትላለች። ሳቋ ነው። ከሳቅ የቀራት እሱ ብቻ ነበር።

እኔም ከልጄ አላንስም ብዬ አንድ የተጠማዘዘ የወይራ ሥር አምጥቼ ውሃው ውስጥ አስገባሁ። አስኮ ሰፈር ጣውላ ስሰነጥቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንጨት አውቃለሁ። በሳምንቱ ግን እንጨቱ ነጭ ነገር አወጣ፤ ጥጥ የመሰለ፣ የሚያዳልጥ ሻጋታ። ሂሩት ሻጩን ጠይቃ መጣች።

«አባዬ፣ አይጎዳቸውም አለኝ። አዲስ እንጨት ውሃ ሲገባ እንዲህ ያወጣል። በብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ ፈግፍጉት፣ እያደር ራሱ ይጠፋል፤ ሌላ ነገር እንዳታስነኩት ብሏል።»

«የዓሣ ነጋዴ ነው እንጨት የሚያስተምረኝ?»

«አንተ እንግዲህ እንጨቱን ራሱን ትበልጠዋለህ በድርቅና» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ «አደራህን ብቻ» አለች።

አደራ ብላኛለች። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

እኔ ያመጣሁት እንጨት ይሻግታል? ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ሂሩት ሥራ ስትሄድ እንጨቱን አወጣሁና ከአጥሩ ሥር ግራዋ ቀጠፍኩ። የጠላ ጋን በምንድን ነው የሚታጠበው? በግራዋ አይደለም? በግራዋ የታጠበ ጋን ሻግቶ ያውቃል? አረፋ እስኪደፍቅ ፈተግኩት። ነጩ ሁሉ ለቀቀ። ጋን ግን ተለቅልቆ፣ ተደፍቶ ይደርቃል። እኔ ሳላለቀልቅ፣ መራራውን እንዳዘለ መልሼ ከተትኩት። ምሬቱ ነው ሻጋታ የሚከለክል ብዬ።

ጥሩነሽ አየችኝ። ስንት ዘመን ጠላ የጠመቀች ሴት ናት፤ ግራዋን በጠረኑ ታውቀዋለች። «እ... እ...» አለች። ጣቷን አነሣች። እኔ ምን አልኳት?

«ዝም በይ አንቺ ደግሞ! እያጸዳሁልሽ ነው።»

አንድ ሰዓት አልሞላም። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ አየር ለመኑ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በጎናቸው ተንሳፈፉ። እሷ አንገቷን ማዞር አትችልም። ማዞር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አላዞርኳትም። አምስቱንም እስከ መጨረሻው አየች።

ይሄ እንኳ ድርቅና ነው፣ አላዋቂነት ነው። ኃጢአቴ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውሃውን በንጹሕ ቀየርኩ። እንጨቱን አለቅልቄ ቦታው መለስኩ። የተጨመቀውን የግራዋ ቅጠል ከአጥር ውጭ ጣልኩ። ሂሩት ገብታ ስትጮህ «ጠዋት ምግብ አብዝተሽባቸው ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ልጄ ቆማ አሰበችና፣ «እውነትህን ነው አባዬ፤ ቸኩዬ ነበር፣ ሁለቴ ሳልበትን አልቀረሁም» አለች። አመነችኝ።

ጥሩነሽ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፈች። ሂሩት እስከ ዛሬ የእናቷን የመጨረሻ ደስታ በእጇ ያጠፋች ይመስላታል። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጇ ዓሣ ግዢልኝ ብላ ስታለቅስ፣ «የኔ እጅ ዓሣ አያሳድግም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ። አሁንም ዝም አልኩ! ምን ዓይነት አባት ነኝ?

ይህን ወረቀት መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ይቅር በዪኝ ግን አልላትም። ያቺን ቃል እኔ አርክሻታለሁ።

ዓሣዎቹ በሞቱ ማግስት ጠዋት ሂሩት «እማዬ ማሪኝ» እያለች ከእናቷ አልጋ ጎን ተንበርክካ ተደፋች። እኔ በሰፈሩ ሽማግሌ ነኝ፤ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ አባባሉን አውቅበታለሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ አልጋው ግርጌ ቆምኩና፣ «ጥሩነሽ፣ ልጅሽ ናት፤ ሳታውቅ ነው ያጠፋችው። ይቅር ለእግዜር በያት» አልኩ።

ጥሩነሽ ደህናውን እጇን በመከራ ጎትታ የልጇ ራስ ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

«ይኸው፣ እናትሽ ይቅር ብላሻለች፤ ተነሺ» አልኩና ልጄን ከተንበረከከችበት አነሣኋት።