ሦስት ድንጋይ፣ ሦስት አጥር

ሰፈሩ «ጋሼ ወንፊት» የሚለው ሰውዬ ወንፊት ሸጦም ሠርቶም አያውቅም። በያጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከብየዳው የሚፈናጠቀው እሳት ሸሚዙን እየበሳሳው፣ ደረቱ ላይ ከጨርቁ ቀዳዳው ስለሚበዛ ነው ስሙ የወጣለት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዞቹን ሰብስባ እየጣፈች፣ «እኔ ባል ያገባሁ መስሎኝ፤ ለካስ ያገባሁት ብል ኖሯል!» ትለው ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

አሁን ሸሚዞቹ ሙሉ ናቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድም ቀዳዳ አልተገኘባቸውም። የብረት በርና መስኮት አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁልፉ እንኳ ሳይቀር ተንጠልጥሎበት በኮንቴይነር ከውጭ መግባት ከጀመረ ወዲህ «በር ሥራልኝ» የሚል ሰው ጠፋ። የብየዳ ማሽኑ ጆንያ ለብሶ አልጋ ሥር ገባ። ሚስቱ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዞቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ታያቸውና፣ ምንም ሳትናገር አጥፋ ታስቀምጣቸዋለች። ብል እያለች ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር ነው፤ ድልድይ መበየድ። ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ገበያውም ሆስፒታሉም ከወዲያ ማዶ ናቸው፤ ከወዲህ ያለው ሰው እዚያ ለመድረስ በእግሩ አንድ ሰዓት ይዞራል። ድልድይ እንደሚያስፈልግ መንግሥትም ያውቃል። እንዲያውም በየአምስት ዓመቱ፣ ምርጫ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ድንገት ትዝ ይለዋል። ያኔ ድንኳን ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ወንዙ ዳር የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ምርጫው ሲያልፍ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ባለሥልጣኑ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ድንጋይ የተቀመጠ ዕለት ፍየል ወጥታበት ጽሑፉ ላይ በጠጧን አራገፈችበት። ነውር ሆነ። ስለዚህ አጥር ይሠራለት ተባለና ጋሼ ወንፊት ተጠራ። ወገብ የሚደርስ፣ ዙሪያውን የተዘጋ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አጥር አደረገለት። ደስታውን አልቻለውም ነበር። ሚስቱን ወንዝ ዳር ድረስ ወስዶ፣ «ይቺ መግቢያዋ ናት። ድልድዩ ሲሠራ ደግሞ ብረቱ ላይ እጄን ታያለሽ፤ መጀመሪያ የምትሻገሪውም አንቺ ነሽ» አላት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሥልጣን መጣና ያኛው ቦታ ለጎርፍ ይጋለጣል ብሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለተኛ ድንጋይ አስቀመጠ። ሁለተኛ አጥር። ሦስተኛው ድንጋይ ለምን እንደተቀመጠ እስካሁን የገባው ሰው የለም፤ ብቻ ተቀመጠ፣ ታጠረም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለወንዙ የተሠራው ይኸው ነው፤ ሦስት ድንጋይ፣ ሦስት አጥር። አጥሮቹ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከድንጋዮቹ የተሻለ ቆመዋል።

ከዚያ አራተኛው ምርጫ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ማን ይመን፣ ድልድዩ የምር ተጀመረ። አንድ የውጭ ድርጅት ክሬኑን፣ ብረቱን፣ ምግብ አብሳዩንና አርባ በያጆቹን ጭኖ መጣ። ለአገሬው ሰው አካፋና የእጅ ጋሪ ተረፈው። ጋሼ ወንፊት የሥራ ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስቴም አንድ መልስ ተሰጠው፤ «የድልድይ ሥራ ልምድ የለዎትም።»

ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ማዶ ማዶውን ያያል። ነፋሱ ከወንዙ ሲመጣ የተቃጠለ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሽታ ያመጣለታል። ለሌላው ሰው ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ነው። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይስበዋል። የሚናፈቀው ሰው ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ሰውዬ መጥቶ ይይ። ሥራው ናፍቆታል።

«አሁንም እያሸተትክ ነው?» ትለዋለች ሚስቱ ከመስፊያ መኪናዋ ቀና ብላ።

«ኧረ ዝም ብዬ አየር እየወሰድኩ ነው።»

«አየሩስ እዚህም ግቢ ውስጥ አለ።»

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሕዝብ ተወካዩ፣ ያው ሦስተኛውን ድንጋይ ያስቀመጠው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሊያነጋግር ነው ተባለ። ሰፈሩ ተንጫጫ። ነገር የምታቀጣጥለው ባለሱቋ ነበረች፤ ልጇ መሐንዲስነት ተምሮ የእጅ ጋሪ ነው የሚገፋው። «ከየሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ የሚጠይቀው» አለች ስኳር እየመዘነች። «ከእኛ አንተ ነህ፣ ጋሼ ወንፊት። የተበደልክ አንተ ነህ፣ ብረት የምታውቅም አንተ ነህ። የእነዚህን ሰዎች ብየዳ አፈር አብላልን። ድልድዩ ነገ ይፈርሳል በልልን!»

«ሳላየው እንዴት ይፈርሳል እላለሁ?»

«እንግዲያስ እየው!»

ማየቱ አስቸጋሪ አልነበረም። የድርጅቱ በር ጠባቂ የሚስቱ ወንድም ነው። ሁሉንም ነገር ከውጭ ያመጡ ሰዎች ዘበኛውን ከዚሁ ቀጠሩት፤ ሰው ላይ ለመጮህ የሰውን ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋላ። ከስብሰባው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን፣ ጠባቂው ግራ ቀኝ ገላምጦ አስገባው። «ግማሽ ሰዓት ነው ያለህ። ብትያዝ አላውቅህም።»

«እህትህን አግብቼ?»

«እሷንም አላውቃትም።»

ድልድዩ ሥር ሲገባ ቀና አለ። አሥራ አምስት ዓመት በሐሳቡ ሲሠራው የኖረው ብረት ከአናቱ በላይ ተዘርግቷል። ትንሿን መዶሻውን አውጥቶ ኳ ኳ እያደረገ ጀመረ። ቀዳዳ ፈለገ። ስንጥቅ ፈለገ። ብረቱን ሳይዝ ላይ ላዩን የተለጠፈ የብየዳ መስመር ፈለገ። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ መፈለጉን ተወው። አንጋጠው የሚበይዱት ቦታ ነው፤ የቀለጠው ብረት ፊት ላይ የሚንጠባጠብበት፣ ክንድ ዝሎ የሚወድቅበት፣ ብዙ በያጅ የሚሸሸው። መስመሩ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ አልተዛነፈም። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ ሠሪው መበየጃውን ከማንሳቱ በፊት የእጁን አንጓ ትንሽ ወደ ኋላ መልሶታል፤ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ነው። ሁሉም ላይ ያቺ መመለስ አለች። የአንድ ሰው እጅ ነው።

ጋሼ ወንፊት በመስመሩ ላይ ጣቱን አስኬደ። መናደድ ነበረበት። ነገር ግን በጣም ያምር ነበር።

ከኋላው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፀጉሩ የሸበተ፣ የምሳ ሳህኑን የያዘ የውጭ ሰው ነው። ጋሼ ወንፊት ደረቱን አየው፤ የሰውየው ሸሚዝ ወንፊት ነው። መዶሻውን ከኋላው ደበቀ፣ ግን ዘግይቷል። ሰውየው መዶሻውን አየ፣ ጣቱ ያረፈበትን መስመር አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የተቃጠለ ክንዱን አሳየው። ጋሼ ወንፊትም የራሱን አሳየ። ትውውቁ በዚህ አለቀ።

በምልክት ሲነጋገሩ ሰውየው እጁን ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ የሕፃን ቁመት አሳየ፤ ልጄ፣ ከአገሬ ስወጣ፣ ይህን ታህል ነበር እንደማለት። ቀጥሎ እጁን ትከሻው ድረስ አነሳ። አሁን ይህን ታህላለች ማለቱ ነው። ያነሳውን እጅ ቶሎ አላወረደውም። ጋሼ ወንፊት፣ ልጠላው መጥቼ ይኸው አዘንኩለት ብሎ በራሱ ተናደደ።

ሰውየው የወዳደቀ ላሜራ ሳበና መከላከያ ጭንብሉን ዘረጋለት፤ እስቲ ሞክር ነው። ሁለት ዓመት የጠበቃት ደቂቃ! ጭንብሉን አጠለቀ፣ መያዣውን ጨበጠ፣ እሳቱ ተጫረ። ያ ሽታ፣ ያ ድምፅ፣ ያ በጨለማው ብርጭቆ ውስጥ የሚታይ ትንሽ የቀለጠ ብረት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁ ግን ተንቀጠቀጠ። መስመሩ እዚህ ጋ ተቆለለ፣ እዚያ ጋ ተቦረቦረ፣ መጨረሻው ላይ ተበሳ። ጭንብሉን አንስቶ ሲያየው የሌላ ሰው፣ የጀማሪ ሥራ መሰለው። ሃያ ስድስት ዓመቱን ማን ወሰደው?

የውጭው ሰው አልሳቀም። ከኋላው መጥቶ ክርኑን በመዳፉ ደገፍ አደረገለትና አገጩን ወደ ላሜራው ነቀነቀ። ሁለተኛው መስመር ትንሽ ተሻለ። መጨረሻው ላይ ሰውየው አንጓውን ይዞ ወደ ኋላ መለሰለት፤ እንዲህ፣ ቀስ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል የጠባቂው ፉጨት ተሰማ፤ ግማሽ ሰዓቱ አልቋል።

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ድምፅ ማጉያው ጋሼ ወንፊት እጅ ሲገባ ባለሱቋ ከኋላ፣ «አፈር አብላልን!» ብላ አንሾካሾከች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያንን ብየዳ አይቼዋለሁ» አለ። «እንከን ልፈልግ ብዬ ነው የሄድኩት። አልዋሽም፣ አላገኘሁም።»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። ተወካዩ ፈገግ ብሎ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ።

«ቆዩኝ እስቲ፣ አልጨረስኩም። ክቡር ተወካይ፣ እኔ በአሥራ አምስት ዓመት ከመንግሥት ሦስት ሥራ አግኝቻለሁ። ሦስቱም የድንጋይ አጥር ነው። አንዱ የእርስዎ ነው። እኔ ድንጋይ ሳጥር ያ ሰውዬ ድልድይ ሲበይድ ነው የኖረው። ሥራ ስጠይቅ የድልድይ ልምድ የለህም ተባልኩ። እውነት ነው የለኝም፤ ከየት ላምጣው? ትናንትና መበየጃውን ስጨብጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። የእኔ እጅ!» እጁን ከፍ አድርጎ አሳየ። «እሱ መምጣቱ አይደለም የሚቆጨኝ። እጄ ነው የሚቆጨኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ልጆች ምን ልትሰጧቸው ነው? ድንጋይ ነው፣ ድልድይ?»

ተወካዩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ «በጣም ገንቢ ሐሳብ ነው፤ ተይዟል» አለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው አልተከተለውም። ባለሱቋ ስትወጣ ሰላም እንኳ አላለችውም። አፈር ያበላልኛል ያለችው ሰው የራሱን እጅ አዋርዶባት ሄደ፤ እሷም አይፈረድባትም፣ ልጇ ነገም የእጅ ጋሪውን ይገፋል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«እጅህ መንቀጥቀጡን ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

«እንዲሁ፣ ተንቀጠቀጠ ብለህ።»

ሐሳቡ ግን የእውነት ተይዞ ኖሯል። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባዶ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የሙያ ማሠልጠኛ ሊገነባ ነው ተባለ፤ የመሠረት ድንጋይ ተዘጋጀ። በዚያው ቀን የወረዳው ጸሐፊ የጋሼ ወንፊትን በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ያው እንደ ለመዱት አንዲት አጥር ያስፈልገን ነበር። ለነገ ከሰዓት።»

ጋሼ ወንፊት ፊቱ ቀላ። በሩን ሊዘጋበት እጁ ተነሳ። አራተኛ ድንጋይ! ሚስቱ የመስፊያ መኪናዋን አቁማ አየችው። እሱም እጁን አወረደና ሄዶ አልጋው ሥር ተንበረከከ፤ ጆንያውን ገፈፈው።

ግቢው ውስጥ ያን ቀን ሙሉ፣ በማግሥቱም እስከ እኩለ ቀን ሠራ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሞርዶ አጥፍቶ ደገማቸው። ክርኑን የሚይዝለት ሰው ስላልነበረ ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ አንጓውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰ።

አጥሩ ሜዳው ላይ ሲቆም ጸሐፊው ዞሮ ዞሮ አየውና ግራ ገባው። እንደ ድሮዎቹ ዙሪያውን የተዘጋ አልነበረም። በአንድ ጎኑ በር ነበረው፤ ሰው ሳያጎነብስ የሚያልፍበት፣ ማጠፊያው ቅባት የተቀባ፣ ቁልፍ የሌለው በር።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አዘዘዎት? ድንጋይ በር ምን ያደርግለታል?»

«ለድንጋዩ አይደለም» አለ ጋሼ ወንፊት መሣሪያውን እየሰበሰበ። «የሚሠራ ሰው የመጣ ቀን በየት በኩል ይግባ?»

ጸሐፊው ለመቆጣትም ለመሳቅም ጊዜ አልነበረውም፤ የተወካዩ መኪና እየመጣ ነበር። ጋሼ ወንፊት ሪባኑ እስኪቆረጥ አልጠበቀም። በወንዙ በኩል ዞሮ ሄደ። ከድልድዩ ሥር፣ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ፣ እሳት ብልጭ ድርግም ሲል ትንሽ ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ሚስቱ ሸሚዞቹን ሰበሰበች። አንዱን ገለበጠችና ቆመች። ደረቱ ላይ፣ ከኪሱ ዝቅ ብሎ፣ ዳሩ የጠቆረ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ነበረበት። ትንሿን ጣቷን አሾልካ አየችበት። መርፌዋን አንስታ ክሩን አስገባች፤ ከዚያ ቀና ብላ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ባሏን አየችው።

«አንተ ብል» አለችው። «ልጣፈው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ» አላት።

በማግሥቱ ለምርጫ የተሰለፈው ያንን ሸሚዝ ለብሶ ነው።