የታሰረችው ቱንቢ

ከአማቼ ጋር የከረረ ጠብ ውስጥ የገባነው አሮጌ ፍሊፐር ከጎንደር ገዝቶ ያመጣ ለታ ነው። ፍሊፐር ያላየ ሰው ቢኖር፣ በአራት እግር የቆመ ረጅም ሣጥን ነው፤ ደረቱ ተዳፋት፣ ላዩ መስተዋት። የብረት ኳስ በሞላ ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ ቁልቁል ስትንከባለል ተጫዋቹ ቁልፍ እየተጫነ በሁለት ትንንሽ ክንፎች መትቶ ይመልሳታል። በቃ፣ ይኸው ነው ጨዋታው።

አማቼ ያልሁት የእህቴን ባል ነው። ደባርቅ ላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር መጠጥ ቤት አለው። ዕቃው ከመኪና ሲወርድ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሶኬቱ ሲሰካ መብራቱ ቦግ አለ፤ ክንፎቹ ግን ሞተዋል፤ ቁልፉን ቢጫኑት፣ ቢደበድቡት፣ ንቅንቅ የለም።

ጠጪው ሁሉ እየሰማ «አንተ ነህ የጣልኸው» አለኝ። እስከዚያች ቀን አንቱ ይለኝ ነበር።

አልጣልሁትም። ጎኑ እንኳ መቃን አልነካም። ይህንኑ ብነግረው፣ እጅህ ከምርኩዝ ሌላ መያዝ ትቷል፣ ደግሞም ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ቤቴ እንዲፈርስ ስትመኝ የኖርህ ሰው ነህ አለኝ። ቤቱ እንዲፈርስ ተመኝቼ አላውቅም። እሱን ግን አልወደውም፤ ምን እዋሻለሁ። ሰው ሲያናግረው ጥርሱን መፋቁን አልወድም፣ ሳቁንም አልወድም።

ይህን ሁሉ በቻልሁት ነበር። እሱ ግን እህቴን ዕቃዬ እስኪድን የወንድምሽን ደጅ እንዳትረግጪ ብሎ ከለከላት። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ ተቀምጣ የሙታኖቻችንን ነገር እያነሣን እንስቃለን እንጂ ሌላ ምን አለን? ያን እሑድ በሬን ከፍቼ ብጠብቅ ሳትመጣ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የቱሪስት አስጎብኚ፣ መስተዋቱ ላይ የምትበራ የፈረንጅ ቃል አይቶ «ዘመመ» ማለት ነው ያለው። አማቼ ደስ አለው። «ይኸው! አዝምሞታል!» አለ። ወለሉ የአፈር ነውና ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባ፤ ባንዱ ቢጨመር፣ ከሌላው ቢነሣ፣ ቃሏ አልጠፋ አለች።

እኔ ቤቴ ተቀምጬ አንድ ነገር ከነከነኝ። መዝመሙን በምን አወቀ? ሣጥን ዓይን የለው። ግንበኛስ ግድግዳ መዝመሙን የሚያውቀው በገመድ በሚያንጠለጥላት ቱንቢ ነው። እንግዲያ በሆዱ አንድ የተንጠለጠለ ነገር መኖር አለበት አልሁ።

በማግስቱ ሄድሁ። ልይልህ ብለው «ልትጨርሰው መጣህ?» አለኝ። ጠጪዎቹ ተዉት ይየው ሲሉ ሶኬቱን አስነቀልሁና ሳንቲም የሚገባባትን ትንሽ በር አስከፈትሁ። ውስጡ የሽቦ ጫካ ነው። በግራ በኩል ግን ያልሁት ነገር አለ፤ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፏ ላይ ከባድ ፍሬ፣ ዙሪያዋን የብረት ቀለበት። ሰው ሣጥኑን ሲያነቃንቅ ወይም ሲያዘም ፍሬዋ ቀለበቱን ትነካለች፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ይቆማል። ለአጭበርባሪ የተሠራች ዘበኛ ናት። እሷ ግን በጠፍር ተጠፍራ ቀለበቱ ላይ ተለጥፋለች።

ቋጠሮውን ሳየው አወቅሁት። እኔና አማቼ በጉብዝናችን ወደ በየዳ በቅሎ እንጭን ነበር፤ ያስተማረን አባቴ ነው። የሚወዛወዝ ነገር በቅሎ ያስደነብራል፣ ጭነት ይገለብጣል፤ ከጭነት በፊት የተንጠለጠለ ሁሉ ይታሰራል ይል ነበር። ቋጠሮውም የአባቴ ቋጠሮ ነው። ነገር ግን ወደ ግራ ዞሯል። ከእኛ ግራኝ እሱ ብቻ ነው።

ጎንደር ላይ መኪና ሲጫን በሩን ከፍቶ አስሯት፣ ደባርቅ ሲደርስ ረስቷታል።

«ና እየው» አልሁት። «ይህ የማን እጅ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ጠቆረ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ታዲያ ሳይታሰር ይጫናል?» አለኝ። «አባትህስ ቢሆኑ አያስሩትም?»

አባቴም ያስረው ነበር። ጠፍሩን ፈታሁ፤ ፍሬዋ ትንሽ ተወዛወዘችና ቀጥ ብላ ቆመች። ሶኬቱ ሲሰካ ቃሏ ጠፋች፣ ክንፎቹም ተንቀሳቀሱ። ጠጪው ሳቀ፤ በማን እንደሳቀ ሁላችንም እናውቃለን። አማቼ ይቅርታ አላለኝ፣ ቁጭ በልም አላለኝ።

«እሷ ትምጣልህ» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «አንተ ግን ቤቴ አትድረስ።»

«አልደርስም» አልሁት።

እሑድ እህቴ መጣች። ስለ እሱ አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ ኳሷ ስትንኳኳ ይሰማኛል። አልገባም።