የራዶሳቭ ቅልጥምና የአበልጁ መርፌ

ጎረቤቴ ራዶሳቭ ንፋስ ይፈራል። በበጋ ሙቀት እንኳ በርና መስኮት አንድ ላይ ከተከፈቱ ይጮሃል። ጥርስ የሚያመው በንፋስ ነው፣ ወገብ የሚይዘው በንፋስ ነው፣ አጎቱ በዘጠና ዓመታቸው የሞቱትም በንፋስ ነው። ቤቱ ገብቶ በሩን ያልዘጋ ሰው "ጅራትህ ውጭ ቀረ እንዴ?" ይባላል። መንደሩ በሙሉ እንደዚያው ነን፣ እሱ ትንሽ ይብስበታል።

ለቅዱስ ኒኮላስ ዝክር ሳምንት ሲቀረው፣ ከተሳቢ ላይ እንጨት ሲያወርድ አንድ ግንድ ተንከባሎ እግሩ ላይ ወደቀ። የቅልጥሙ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ጭቃው፣ የእንጨቱ ቅርፊት፣ የሱሪው ክር፣ ሁሉም ቁስሉ ውስጥ ገባ። የፕሪም አረቄ አስመጣና ግማሹን ቁስሉ ላይ፣ ግማሹን ጉሮሮው ውስጥ አፈሰሰው። ሁለቱንም ቦታ አቃጠለው፣ የሰደበው ግን አንደኛውን ብቻ ነው።

ከተማ ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዶክተር ኮቪልካ የምትባል ሐኪም አደንዝዛ ቁስሉን ደጋግማ አጠበችው፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጣ ጣለች፣ አጥንቱን ከውጭ በብረት ዘንግ አሰረችው። ቁስሉን ግን አልሰፋችውም፣ በፋሻ ብቻ ሸፈነችው።

ራዶሳቭ ሲነቃ ጉድ ፈላ።

"ምንድን ነው ይሄ? ተከፍቶ ነው የቀረው?"

"ሆን ብዬ ነው ጋሽ ራዶሳቭ። ጭቃ ገብቶበታል። አሁን ብሰፋው ጀርሙን ውስጥ ቆልፌበት እራት አቀረብኩለት ማለት ነው። ከነገ ወዲያ እንደገና አጥበን እናየዋለን። ንጹሕ ሲሆን እንዘጋዋለን።"

"ንፋሱስ?"

"የቱ ንፋስ?"

"የሚገባብኝ ነዋ!"

"ንፋሱን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ መድኃኒቱን ይውሰዱ።"

እሷ እንደወጣች ወደ እኔ ዞረና "ክር ቆጥባ ነው" አለኝ።

ዋናው ጭንቀቱ ግን ዝክሩ ነበር። በዝክር ቀን አባወራ አይቀመጥም። የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ቆሞ ይቀዳል፣ ቆሞ ያስተናግዳል። ራዶሳቭ ተኝቶ ዝክሩ ከሚያልፍ ቢሞት ይሻለዋል።

በማግስቱ አበልጁ ቲሆሚር መጣ። ቲሆሚር የልጆቹ ክርስትና አባት ነው፣ ሥራው ደግሞ አሳማ ማኮላሸት። በእኛ ዘንድ ከሚስት ጋር መጣላት አለ፣ ከቄስ ጋርም መከራከር አለ፣ አበልጅን እንቢ ማለት ግን የለም።

"አበልጄ፣ እንደተቀደደ ጆንያ ጥለውህ ሄዱ?"

"እንደምታየው።"

"ና ቤትህ፣ እኔ እሰፋሃለሁ። ስንት አሳማ ሰፍቻለሁ፣ አንድም ሞቶብኝ አያውቅም!"

የራዶሳቭ ሚስት ዴሳንካ ብርቱካን እየላጠች ነበር። "ለገና ይታረዱ የለ እንዴ ቲሆሚር፣ ለመሞት ጊዜ መች ያገኛሉ?" አለችው።

"አንቺ ዝም በይ፣ አበልጅ እያወራ ነው!" አላት ባሏ።

ዶክተሯ እንዳይወጣ ለመነችው፣ ተቆጣችው። "እግርዎን ያጣሉ" ብላ በግልጽ ነገረችው። ፈርሞ ወጣ። ቤት ሲደርስ ወጥ ቤት ውስጥ አጋድመውት፣ ንፋስ እንዳይገባ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ደፍነው፣ ቲሆሚር በዓሣ ማጥመጃ ክር ግጥም አድርጎ ሰፋው።

"ስፌት ማለት ይሄ ነው!" ይል ነበር ራዶሳቭ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ፋሻውን እየገለጠ።

በዝክሩ ዕለት ክራንች ተደግፎ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። በስፌቱ ዙሪያ ቆዳው ተነፍቶ ያብለጨልጫል። እንግዶቹ አንድ ጠረን ሸተታቸውና "ጎመኑ ተበላሽቷል መሰለኝ" ተባባሉ። ዴሳንካ ጓዳ ገብታ ለክረምት ጎመን የሚኮመጥጥበትን በርሜል ከፍታ አሸተተች። ጎመኑ ደህና ነው። ስትመለስ ባሏ ከነጠርሙሱ ቄሱ እግር ሥር ተዘርሯል።

"በሩን የከፈተው ማነው?" ብሎ ጮኸ ቲሆሚር።

ሆስፒታል መልሰን ወሰድነው። ዶክተር ኮቪልካ ክሩን ስትበጥሰው የወጣውን ነገር አልጽፈውም፣ ምግብ ላይ ሆኖ የሚያነብ ይኖራል። መግሉ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ባቱ ሞቷል። "ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። መርዙ ደም ውስጥ ከገባ እርስዎንም አላተርፍም" አለችው።

ራዶሳቭ በር ላይ የቆመውን ቲሆሚርን አየው። ቲሆሚር ጫማውን አየ።

"አበልጄ ምን ይላል?" አለ ራዶሳቭ ቀስ ብሎ።

"አበልጅህ ሁለት እግር አለው" አለች ዴሳንካ። "እኔ ያገባሁት ሰው ነው፣ እግር አይደለም። ይቆረጥ በል!"

"ይቆረጥ" አለ።

ዛሬ በሰው ሠራሽ እግር ይሄዳል። መጠጥ ቤት ሲቀመጥ "እግሬን የቆረጠችኝ ሐኪም ናት" እያለ ያወራል። ውሸትም አይደለም። ቲሆሚር አጠገቡ ሆኖ "እውነቱን ነው፣ ሐኪም ማመን አይገባም" እያለ ይቀዳለታል። እኛም ብርጭቋችንን እናነሳለን። አበልጁ በተቀመጠበት ማን ምን ይላል?