ጉሮሮ ያለው ሳጥንና የሊቀመንበሩ ቀኝ እጅ

እኔን ለውትድርና የዳረገኝ ኦርጋን ነው። ሳቁ፤ ሳቅ እስካሁን ቀረጥ አልተጣለበትም።

ደብረ ብርሃን፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሌላ ምን ይሁን? ኪነት ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ «ይሄ ለሥራ ይፈለጋል» ይባልና ይታለፋል። የሰፈሬ ልጆች መኪና ላይ ሲጫኑ እኔ መድረክ ላይ ሆኜ የመሸኛ ማርሽ እመታላቸው ነበር። ደስ አይልም። ግን መኪናው ላይ ከመቆም ይሻላል፤ ምን አባቴ ላድርግ?

ችግሩ ኦርጋኗ ነበረች። ቁልፎቿ ደህና ናቸው፣ ድምፅዋ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። የኪነቱ ሊቀመንበር የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሲቃረብ ሰብስቦን «ዘንድሮ ድምፃችሁ ካልወፈረ ቡድኑን እበትነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ» አለን። እናውቃለን። ብርዱ ሳያንስ እሱ ጨመረበት።

ምን እንደሚያወፍረን እኔ አውቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ደሴ የሚሄድ የአዲስ አበባ ባንድ መኪናው ተበላሽቶበት ከተማችን አድሮ፣ ጠዋት ኦርጋን ተጫዋቹ ዕቃውን አሳይቶኝ ነበር። ከኦርጋኑ ሥር የብረት መደርደሪያ ላይ በቡሎን የታሰረ ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን አለ። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። በአንድ ገመድ ከኦርጋኑ ጋር ታገናኘዋለህ፤ እዚያ ስትነካ ሳጥኑ ይጮሃል። ሳጥኑ ላይ አንድ ቁጥር ተጫነና ዝም ብሎ ጣቱን የኦርጋኑ ቁልፍ ላይ አሳረፈ። የወጣው ድምፅ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ቤቱን ሞላው።

«ይሄ ፓድ ይባላል» አለኝ። «ዘፋኙን እንዳይበርደው የምታለብሰው ጋቢ ነው።»

እኔ ግን የማውቀው ድምፅ ነበር። አባቴ አንኮበር ደብተራ ነው። ጉም ሲወርድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆመህ ካህናቱን ስትሰማ ቃሉ አይለይህም፤ እምምታው ብቻ ነው ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው። ያው ነው።

እንግዲህ ውድድሩ ሲቀርብ፣ ከቆላ በኮንትሮባንድ ሲገቡ የተያዙ ዕቃዎች መጋዘን ውስጥ አሉ፣ ኪነቱ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መርጦ ይውሰድ ተባለ። ሊቀመንበሩ፣ የእህቱ ልጅና እኔ ሄድን። የእህቱ ልጅ ለምን እንደመጣ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ጅል ነኝ። ልጁ ተጫን ያሉትን የሚጫን፣ ተነሥ ያሉትን የሚነሣ ፍጥረት ነው።

መጋዘን ጠባቂው የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ። ሁለት ነገር አውጥተው አቧራውን በኩታቸው ጠረጉ። አንዱ መብራቱ የሚብለጨለጭ አዲስ ኦርጋን። ሌላው ያ ጥቁር ሳጥን፤ ግራና ቀኙ የቡሎን ቀዳዳ ያለው። ልቤ ዘለለ።

ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ገለበጠው። «ይሄ ምንድነው? የመኪና ሬዲዮ?»

«ጓድ፣ የእኛ ኦርጋን ጣት አላት፣ ጉሮሮ የላትም። ይሄ ጉሮሮ አለው፣ ጣት የለውም። ሲጋቡ ያልቅልናል።»

«ቁልፍ የሌለው የሙዚቃ መሣሪያ! ነገ ደግሞ አፍ የሌለው ዘፋኝ አምጣልኝ።»

የእህቱ ልጅ ሳቀ። ያኛው ኦርጋን ላይ አረንጓዴዋን ቁልፍ ሲነካት ከበሮው፣ ባሱ፣ ሁሉም በራሱ ይመታ ጀመር። ሊቀመንበሩ ፊቱ በራ።

«ራሱን የቻለ ኦርጋን! መመሪያችንስ ራስን መቻል አይደል?»

«ጓድ፣ ይሄ የፈረንጅ ጭፈራ ነው። የአንቺሆዬን ቅኝት እንኳ አይቀበልም፣ ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳጥኑን ስሙት።»

አሮጊቷን ኦርጋን በጋሪ አምጥቻት ነበር። ገመዱን ሰካሁ። ቁጥሮቹን መቀየር ጀመርኩ፤ አንዱ ጥሩንባ፣ አንዱ ደወል፣ አንዱ የታመመ ድመት። ከዚያ መጣልኝ። ታች ሁለት ቁልፍ ይዤ ቆየሁ፤ ድምፁ ከሲሚንቶው ተነሥቶ ቆርቆሮውን ሞላው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ጣቴ ግን አባቴ ቤት ገባ። አንድ የማኅሌት ዜማ፣ ቀስ ብላ፣ ሳልጠራት መጣች።

ቀና ስል ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አውልቋል። ቀኝ እጁ ተነሣ። ግንባሩን ነካ። ደረቱን ነካ። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና እጁ አየር ላይ ቀረ።

ይሄ ሰውዬ በየስብሰባው ሃይማኖት ምናምን እያለ የሚያደነቁረን፣ የአንኮበር ቄስ ልጅ መሆኑን ማንም የማያነሣበት ሰው ነው። መቼም ዝም ቢባል ያልፍ ነበር። ሽማግሌው ግን አላስቻላቸውም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እስላም ነኝ፣ አላውቅበትም» አሉ። «ግንባርና ደረት ብቻ ነው እንዴ? ትከሻው የት ሄደ?»

እኔ ሳቅኩ። አምልጦኝ አይደለም፤ ከሆዴ ነው የሳቅኩት።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ጆሮው ቀላ። «ዝንብ ነበር» አለ። ዝንብ! በደብረ ብርሃን ብርድ! ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረ፤ «ይሄ አድሃሪ ድምፅ ነው። አዲሱን ኦርጋን ጫኑ።»

«ጓድ፣ ውድድሩስ?»

«ራሱ ይጫወታል አላልንም?»

«ታዲያ እኔስ?»

ቀረብ አለኝ። «ራሱ የሚጫወት ከሆነ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

ያኔ ነው የእህቱ ልጅ ለምን እንደመጣ የገባኝ። ልጁም እንደኔ ለምልመላ ደርሷል፤ መደበቂያ ይፈልጋል፣ መደበቂያው ደግሞ የኔ ወንበር ነው። ይባስ ብሎ አስተምረው ተባልኩ። አስተማርኩት። «አረንጓዴዋን ስትጫን ይጀምራል፣ ቀይዋን ስትጫን ይቆማል። በቃ። አንድ ጣት ይበቃሃል፣ ዘጠኙን አጣጥፈህ አስቀምጣቸው።»

«ቀይዋን መቼ ልጫን?» አለኝ።

«ተጫን ስትባል።»

«እሺ» አለ። ከልቡ ነው እሺ ያለው።

ምልመላው ሲመጣ ማንም ለሥራ ይፈለጋል አላለኝም። መኪናው ላይ ወጣሁ። መድረኩ እዚያው ነው፣ ኪነቱም እዚያው፤ የኔ ወንበር ላይ ያ ልጅ ተቀምጦ በአንድ ጣት ማርሽ ያስመታል። ሊቀመንበሩ ግራ ክንዱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ጡጫውን ጨብጦ ቆሟል። ኦርጋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ከሥር ግን ባዶ ነው፣ ነፋስ ያስገባል።

ሞተሩ ገና አልተነሣም። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ፤

«አንተ! ቀይዋን ተጫን!»

ተጫነ፤ የተባለውን የሚያደርግ ልጅ ነው።

ማርሹ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከበሮውም ባሱም ጥሩንባውም አንድ ላይ ጭጭ። ያ ሁሉ ጫጫታ ሸፍኖት የነበረው ነገር ብቻውን ቀረ። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እንዳይሰማባቸው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያለቅሱ ነበር። ቃል የለውም። እምምታው ብቻ ከመኪናው ዙሪያ ተነሥቶ አደባባዩን ሞላው።

ልጁ ጣቱን ቀይዋ ላይ እንደተከለ አጎቱን ያያል፣ ቀጥሎ የቱን እንደሚጫን እስኪነገረው። አጎቱ ግን ወደሱ አልዞረም። ግራ ክንዱ እንደተዘረጋ ነው፤ ቀኙን ግን ቶሎ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።