ከጀርባ ያሉት ስምንት ገጾች

«ወንዙ ሞላ ብለው መንገዱን ቢዘጉት…»

ተክለብርሃን ከዚህ ስንኝ አልፎ አያውቅም። ሁለተኛው ጠፍቶበታል። ዜማውን ግን አፉን ገጥሞ እስከ መጨረሻው ያንጎራጉረውና፣ ሲያበቃ ተመልሶ ወንዙን ይሞላዋል። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ሬስቶራንቶች ከአንዱ ጀርባ፣ አሥራ አራት መኪና በምትይዝ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ቁልፍ ሲቀበልም ሲመልስም ይኸው ነው። የወጥ ቤቷ ኤልፍነሽ በኋላው በር ብቅ ስትል የጎደለውን ስንኝ እንደ ስሜቷ ትሞላለታለች። አንድ ሰሞን የሞላችው እስከ ዛሬ አስተናጋጆቹን ያስቃል፦

«ወንዙ ሞላ ብለው መንገዱን ቢዘጉት፣
ጋሼ ተክሌን ወስደው እዚህ ፓርክ አረጉት።»

እሱም አብሮ ይስቃል። ውሸት የለበትማ። በሱዳን በኩል አድርጎ ሎስ አንጀለስ ሲገባ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ለጥቂት ወር ብሎ የያዛት ሥራ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያዘችው።

ከቁልፍ መስቀያው ሥር ሁለት ካርቶን ሙሉ አሮጌ ኮሚክ አለው፤ በሥዕል የሚተረክ የጀግና ታሪክ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው የልጅ መጽሐፍ ይዞ ሲያዩት ደንበኞች ፈገግ ይላሉ። እነሱ የማያዩት ግን ከኋላ ጀምሮ እንደሚገልጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ካባውን እያውለበለበ የሚበርረውን ጀግና ዞር ብሎም አያየውም። የእሱ ነገር ከጀርባ ናት፤ ማስታወቂያዎቹ ካለፉ በኋላ፣ ገጽ እንዳይጎድል ተብላ የገባችው ትንሽ ታሪክ። ስምንት ገጽ ብቻ ናት። የሠዓሊው ስም አይጻፍባትም። ቀይ ቀለሟ ከመስመሩ ወጣ ብሎ የሰውየውን ጉንጭ ትቶ አየሩን ያቀላዋል። ስምንት ገጽ ላይ ደግሞ ለፉከራ ቦታ የለም፤ ሰውየው ይነሣል፣ የሚሠራውን ይሠራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«የፊተኛው ዓለምን ያድናል፤ የኋለኛው አንድ አውቶቡስ» ይላል ተክለብርሃን፣ ለጠየቀው ሁሉ። «እኔ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።»

ነገሩ የተጀመረው ጉለሌ፣ ከአቶ አሥራት ሱቅ ነው። አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ አገር ሲለቅ ዘበኛው የተረፈውን ወረቀት በኪሎ ለአቶ አሥራት ሸጠው። አቶ አሥራትም ስኳርና ጨው ሊጠቀልልበት ከፊት ከፊት ይገነጥለው ጀመር። መጀመሪያ የሄደው ሽፋኑ፣ ቀጥሎ ባለካባው ጀግና ነው፤ ለትንሹ ተክለብርሃን የሚተርፉለት የመጨረሻዎቹ ገጾች ነበሩ። ስለዚህ ለእሱ ጀግና ማለት ከኋላ ያለው ሰውዬ ብቻ ነበር። ከፊቱ ሌላ ሰው መኖሩን እንኳ የሰማው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ቀን እንደመናደድ አደረገው።

ሰውየው የድልድይ ጠባቂ ነው። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስላልቻለ ስሙን ራሱ አወጣለት፤ ድልድዬ። ድልድዬ አይበርም። ያረጀ የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ዓይኑ ላይ የጨርቅ ጭምብል አድርጎ፣ ጆሮው የተቀደደ ውሻ አስከትሎ ይሄዳል። ያለው ኃይል አንድ ብቻ ነው፤ መዳፉን ብረቱ ላይ ሲያሳርፍ ድልድዩ የቱ ጋ እንደታመመ ያውቃል።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ተክለብርሃን አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ እያለ፣ አቶ አሥራት ሰባት ገጽ ሰጠው። በሰባተኛው ላይ ማዕበል ነው። ድልድዩን የያዘው ገመድ ተበጥሷል፤ ድልድዬ ጫፉን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ተንጠልጥሏል፤ ባቡሩ ከጥግ መብራቱን አብርቶ እየመጣ ነው። ስምንተኛውን ሲጠይቅ አቶ አሥራት ከኋላ ገንጥሎ አሁን ጨው ጠቅልሎበት ለጎረቤታቸው ለሥርጉት እንደሰጣት ነገረው። ልጁ እስከ ሥርጉት ቤት ሮጠ። ጨዉ ሞሰብ አጠገብ በጣሳ ተቀምጧል። ወረቀቱን ከሰል አያይዛበታለች።

ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ ባቡር ሲመጣበት ምን ይሆናል? ልጁ ለሁለት ቀን አስቦ አንድ መልስ ብቻ አገኘ፤ ሞቷል። ሰው ሲሞት ደግሞ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ቀን ቆጠረ። በአርባኛው ቀን ከእናቱ ጓዳ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወስዶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለተቀመጡት አካፈለ፤ ለቄሱም ተዝካር መሆኑን ነገራቸው። ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁት። ትንሽ አሰበና ወልደ ሚካኤል አለ። ምንህ ነው ቢሉት፣ ጎረቤቴ ብሎ መለሰ። ጸለዩለት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ የራሱን ምሳ ለሌላ ይሰጣል። ፌርፋክስ ላይ ሰው ሁሉ ለመልአኩ የሚዘክር ይመስለዋል። ተክለብርሃንም አላረመም፤ ለኮሚክ ሰውዬ ሙት ዓመት አወጣለሁ ብሎ ለማን ይነግራል?

ለአንዲት ሴት ብቻ ግማሹን ነግሯታል። የሬስቶራንቱ ባለቤት ልጅ ሶሊያና፣ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ እናቷን የምትጠብቀው ከእሱ ጋር ነበር። የድልድዬን ታሪኮች አንድ በአንድ ተርኮላታል፤ ባቡሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። «ከዛስ?» ስትለው ከዚያ ወዲያ አላየሁም ይላታል። አንዴ፣ በቃ ይብረር ብላ ልትገላግለው ሞከረች። ያላየሁትን አልናገርም አላት። ሞቷል ብሎ ግን አንድም ቀን አልነገራትም፤ ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው።

እሱም መፈለጉን አልተወም። በእረፍቱ ቀን ኖርዝ ሆሊውድ ድረስ ሄዶ በአሮጌ መጽሐፍ መደብሮች ውስጥ ኮሚክ ከኋላ ከኋላ ይገልጣል። ሻጮቹ የጀግናውን ስም ይጠይቁታል። ድልድዬ ቢላቸው ምን ይረዱታል። ስለዚህ ማየት ብቻ ነው፤ ያነሣል፣ ይገልጣል፣ ይመልሳል።

በፈረንጆች 2015 ሰኔ ሚካኤል ዓርብ ዋለ፤ ጾመ ሐዋርያት ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ኤልፍነሽ የላከችለትን ሽሮና ጎመን በጓሮው መንገድ ጣሳ ለሚሰበስበው ሰውዬ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ወንዙን እየሞላ ሳለ ሶሊያና መኪናዋን ከነሞተሩ አቆመች። አሁን ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ኮሚክ የሚሰበስቡ ሰዎች ጋ ገብታ፣ ድልድዩን፣ ካፖርቱን፣ የውሻውን ጆሮ ሳይቀር ጽፋ ጠይቃለች። ሦስት ወር ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ጋርዴና ከተማ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋራዤ ውስጥ አለ ብለው ጻፉላት። ሽፋኑ ስለተቀደደ ማንም አይፈልገውምና ውሰጂው አሏት።

«ኦኬ፣ ይኸው» አለችና ዘረጋችለት። «አላየሁትም። አንተ ነህ ቀድመህ የምታየው።»

አልተቀበላትም። መጀመሪያ መኪናዋን ጥግ አስያዘ። የአንድ ደንበኛ ቁልፍ መለሰ። ሌላ ደንበኛ አስገባ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው።

ያኔ ነገራት፤ አርባውን፣ ቆሎውን፣ ወልደ ሚካኤልን፣ የየዓመቱን ምሳ። ሶሊያና አልሳቀችም። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«አርባ ዘጠኝ» አለ። «ብገልጠውና በእርግጥ ሞቶ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እነሱ ሊቀብሩት ነው።»

«ኦኬ። አብረን እንየው።»

ከኋላ ገለጠ። ስምንተኛው ገጽ ከሚያስበው ያንሳል። ባቡሩ ያልፋል፤ በመስኮቱ አንዲት ሴት ሻይ ስትቀዳ ይታያል፣ አንድ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል፤ ወደ ውጭ የሚያይ የለም። ከዚያ ዝናቡ ቆሟል። ድልድዬ ክንዱን በጨርቅ አስሮ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፏል። በመጨረሻዋ ሥዕል ጎጆው ውስጥ ነው፤ ጫማውን አውልቋል፣ ዳቦ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለውሻው እየሰጠ ነው። ቀይ ቀለሙ እንደ ልማዱ ከመስመሩ ወጥቶ እሳቱ ግድግዳው ላይ ሄዷል።

ተክለብርሃን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሶሊያና እያለቀሰ መስሏት ልትይዘው ስትል እየሳቀ ነው።

«ተዝካሩን አውጥቼለት» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔ በየዓመቱ ጦሜን ስውል፣ እሱ ለካ ዳቦውን እየበላ ነው።»

ኤልፍነሽ በኋላው በር ብቅ ያለችው ያኔ ነው። በየዓመቱ እንደምታደርገው ሁለተኛ ሳህን ይዛለች፤ በየዓመቱ እንደሚመልሳትም ታውቃለች።

«መልሺው ሊሉኝ ነው አይደል፣ ጋሼ ተክሌ?» አለች። «ሚካኤል እኮ ይራቡ አላለም።»

ተክለብርሃን ወንበሩ ላይ የተከመረውን ቁልፍ አንሥቶ መስቀያው ላይ ሰቀለ። ከጠርሙስ ውሃ አፍስሶ እጁን ታጠበ። ኤልፍነሽ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ምን ገባበት በሚል ዓይን ሶሊያናን አየቻት። መግቢያው ላይ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሶሊያና እሱን በእጇ ተቀመጥ ብላ መኪናውን ልታቆም ሄደች።

ተክለብርሃን ሳህኑን ከኤልፍነሽ ተቀብሎ፣ ገጹን እንደተገለጠ አጠገቡ አኖረው። አማተበ፤ ተቀመጠ፤ ከእንጀራው ጫፍ ቆረሰና ሽሮው ላይ አሳረፈ።